ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ስም

ሚስተር ቶርፕ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ሠላሳ ዓመት ርእሰ መምህር ሆነው ስለኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የስኬልደን ከተማን ሰው ሁሉ አንድ ክፍል እንደ ደገመ ልጅ ነው የሚያስረዱት።

«ስሚኝ ቤሪል፤ እናትሽን በጣም ነው የማከብራቸው» አሉ። «ግን የመቃብሩ ድንጋይ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ‹የጄምስና የአሊስ ዊታም ልጅ ሃና፣ በ1861 በሁለት ዓመቷ ዐረፈች።› በሁለት ዓመቷ የሞተች ልጅ በ1884 አድማ አትመራም።»

ቤሪል ክሌግ በእሳቸው ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ምግብ አብስላለች። እሳቸውን ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች፤ ውሸታም እንዳልሆኑም ታውቃለች። የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስኬልደን ሽመና ፋብሪካ ባለቤት ክሩ እንዳይበጠስ ብሎ ሸማኔዎቹ ላይ እንፋሎት ይለቅባቸው ነበር። ሴቶቹ ከጠዋት እስከ ማታ በስብሰው ይውላሉ፣ ክረምት ሲመጣ ሳንባቸው እያለቀ ይሞታሉ። በ1884 አንዲት ልጅ ማሽኗን አቆመችና ወጣች። አራት መቶ ሴቶች ተከትለዋት ወጡ። በሰባተኛው ሳምንት እንፋሎቱ ተዘጋ። የጊዜው ጋዜጣ ስሟን እንኳ በወጉ አልጻፈም፤ «የድንጋይ ካባ ሠፈሯ የዊታም ልጅ» ብሎ አለፈ። አሁን ከተማው በፋብሪካው ግድግዳ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ሊሰቅልላት ነው። የሚስተር ቶርፕ ኮሚቴ ደግሞ ልጅቱ የጄምስ ትልቋ ልጅ ሣራ ናት ብሎ ወስኗል።

የዘጠና ሦስት ዓመቷ የቤሪል እናት አኒስ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ ያቺ ልጅ አያቴ ሃና ናት፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በገዛ አፏ ነግራኛለች።

«ታዲያ እናቴን ያቀፈቻት ሃና ከየት መጣች?» አለች ቤሪል።

«ከኮረብታው ማዶ። በሕዝብ ቆጠራው ሃና ዊታም የምትባል ልጅ እዚያ ማርታ ከምትባል አሮጊት ጋር ተመዝግባለች። ሌሎች ዊታሞች ናቸው። ዊታም በዚህ አገር እንደ ሳማ የትም ይበቅላል። የቤተ ክርስቲያናችንን የክርስትና መዝገብ ገጽ በገጽ አይቻለሁ፤ ጄምስ ሌላ ሃና የለውም። ሰኞ ጠዋት ስሙን ለነሐስ አቅላጮቹ እልካለሁ።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቤሪል ከዚያ በቀጥታ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ሄዳ የሆነውን ለእናቷ ነገረቻት። ትጮሃለች ብላ ነበር የጠበቀችው። አኒስ ማለት ሾርባው ቀጠነ ብላ ከነርሶቹ ጋር ሦስት ቀን የተኳረፈች ሴት ናት። የዛሬው ግን ሌላ ሆነ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ተይው በቃ» አለች። «ውሸታም ብለው ይቅበሩኝ።»

ቤሪልን ይሄ አንጀቷን በላው። ውሸታም ተብለሽማ አትሞቺም ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ባልዲና ብሩሽ ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም፤ ዝም ብሎ ቁጭ ማለት ስላቃታት ነው። የዊታሞቹ ድንጋይ ከአጥሩ ሥር ነው፣ በድንጋይ ሽበት ተወርሷል። ዊልፍ ባክስተር፣ የግቢው ሣር አጫጅ፣ ማሽኑን አጥፍቶ መጣ። ልጅ ሆነው አንድ ክፍል ተምረዋል፤ ስለዚህ ያሾፍባታል።

«ምነው ቤሪል፣ ቤትሽን ጨርሰሽ የሙታኑን ልታጥቢ መጣሽ?»

«የአንተን ሠፈር ላጥብልህ ብዬ ነው፤ ለመምጣት ብዙ አልቀረህም።»

ዊልፍ ከት ብሎ ሳቀና ውሃ ያቀብላት ጀመር። ሽበቱ ሲለቅ የሃና ስም ወጣ፣ ዓመቱ ወጣ። ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን ጎድጉዶ ባዶ ነበር።

«ዝናብ በልቶት ይሆን?» አለች።

ዊልፍ ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄማ መሮ ነው። ተጽፎ ነበር፣ ተፍቋል። አያቴ ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ቄስ ደስ ያላላቸውን ቃል ያስፍቁ ነበር አሉ። ድሃ በልጁ መቃብር ላይ ብዙ እንዲናገር አይወዱም።»

«ጄምስ እኮ ራሱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ በእጁ የቀረጸው ነው» አለች ቤሪል። ዕንባዋ መጣ፣ ከዕንባው ጋር ንዴቱም መጣ። የገዛ ልጁን ድንጋይ፣ በገዛ መሮው፣ ፋቅ ሲባል። ዘመዶቿን አሰበች። አጎቷ በሥጋ በተሞላ አንድ የተበላሸ ዳቦ ሰበብ ከሥጋ ሻጩ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገረም። እናቷ እንኳ በቀጭን ሾርባ ሦስት ቀን ትኮራረፋለች። በዚህ ቤተሰብ ቂም እንደ ዕቃ ነው የሚወረሰው።

«ዊልፍ፣ ቄሱ የልጅህን ድንጋይ ቢያስፍቅህ፣ ቀጣዩን ልጅህን ለእሱ ለክርስትና ትሰጣለህ?»

«እኔ? ድመቴንም አልሰጠው።»

«ወዴት ትወስዳለህ?»

ዊልፍ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይተው ያመልኩ የነበሩት የሜቶዲስቶቹ አሮጌ ጸሎት ቤት ቆሟል፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ዊልፍ የዚያ ልጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሣር ያጭዳል እንጂ መዝሙራቸውን አይዘምርም። ጸሎት ቤቱ የራሱ መቃብር ኖሮት አያውቅም። የማዶዎቹ ሰዎች በቁማቸው እዚያ ሲያመልኩ ኖረው ሲሞቱ ተሻግረው እዚህ ይቀበሩ ነበር። ሚስተር ቶርፕ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ እዚህ የተቀበረ ሁሉ እዚህ የተጠመቀ ይመስላቸዋል።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለ ዊልፍ።

መዝገቦቹ ከኦርጋኑ ኋላ ካለው ቁምሳጥን ውስጥ ነበሩ፣ አቧራ ለብሰው። ቤሪል መነጽሯን አደረገችና የ1862ን አገላበጠች፤ የለም። በ1863 መጋቢት ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሃና፤ የድንጋይ ጠራቢው ጄምስ ዊታምና የአሊስ ልጅ፣ ካባ ሠፈር። ያቀረበቻት አያቷ ማርታ ዊታም፣ ከኮረብታው ማዶ።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያም ለዊልፍ ጮክ ብላ አነበበችለት። ያን ጊዜ ስም ከልጅ ጋር አይቀበርም ነበር፤ የሞተችውን ስም ለቀጣዪቱ ይሰጧታል፣ ቤት ሲጠብ ደግሞ አንዷን ለአያት ይልካሉ። ኮረብታውን ተሻግራ ያደገችው ሃና የጄምስ የራሱ ልጅ ነበረች።

«ቆይ፣ ቶርፕን አታውቂያቸውም?» አለ ዊልፍ። «የጄምስ ልጅ መሆኗን አመንኩ፣ አድማውን መምራቷን በምን አውቃለሁ ይሉሻል።» የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቹን አውጥቶ በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉ። ከዚያ ዊልፍ ቆቡን አወለቀና አነበበ።

«እህት ሃና ዊታም ሴት ሸማኔዎች ሥራ ስላቆሙበት ጉዳይ በጸሎት ቤቱ እንዲሰበሰቡ ጠየቀች። ተፈቀደ። ሰኔ 1884።»

ቤሪል መዝገቦቹን በዊልፍ ኮት ጠቅልላ ሚስተር ቶርፕ ቤት ስትደርስ ምሳ ላይ ነበሩ። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ሁለቱን መጻሕፍት ፊታቸው ዘረጋች። አንዴ አነበቡ፤ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ተመልሰው እንደገና አነበቡ። ጆሯቸው ቀላ።

«መንገድ መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስኖር አንድ ቀን እንኳ አልተሻገርኩም።»

«አሁን ይሻገራሉ፤ ሰኞ የሚልኩት ስም የትኛው ነው?»

«ሃና ነው። ይቅርታዬ ግን ለአንቺ አይደለም የሚገባው።»

ሰሌዳው በመስከረም ተሰቀለ። ፋብሪካው ፊት ሁለት መቶ ሰው ቆሟል። የክብር እንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም ፊት አኒስ በተሽከርካሪ ወንበሯ፣ የክት ኮፍያዋን አድርጋ። ገመዱን ሳበችው። መጋረጃው ወደቀና ሰሌዳው «ሃና ዊታም» ብሎ አበራ። አኒስ ፊደሎቹን በጣቷ አየር ላይ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ዕንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አላበሰችውም።

ሚስተር ቶርፕ የድምፅ ማጉያውን ያዙ። ንግግራቸውን ጽፈው መጥተው ነበር፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እኚህ እናት ለዓመታት እውነቱን ሲነግሩን ኖረዋል። ያላመንኳቸው እኔ ነኝ። ወይዘሮ አኒስ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉና ማጉያውን እጇ ላይ አስቀመጡ።

ቤሪል እናቷ አጠገብ ተንበረከከች። «እማዬ፣ ከደከመሽ…»

«ዞር በይ፤ ሰዎቹን ከለልሽብኝ» አለች አኒስ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «አያቴ ሃና ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ። ያን ቀን ጠዋት ማሽኔን ከማቆሜ በፊት…»

ዝናብ ጀመረ። ከንቲባው ሰዓቱን አየ፤ ዊልፍ ደግሞ ከንቲባውን አየው። አኒስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሰባቱንም ሳምንት፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች፤ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።