ጨረቃ ድረስ የሄደች መኪና

በዚህ ከተማ ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ፣ እኔ በሰፋሁት ነገር ላይ ነው የተቀመጠው። ሶፋ በሉ፣ የመኪና ወንበር በሉ፣ የዳኛ ወንበር፣ የፀጉር ቤት ወንበር፤ ያልለበጥኩት የለም። ይህ ጉራ አይደለም፤ ጉራማ ብጀምር ቀኑ አይበቃንም። እጄ የነካው ቆዳ በሬው ላይ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ያምራል ይላሉ። ማን ይላል? እኔ እላለሁ። የሰማ ሁሉ ደግሞ ዝም ይላል፤ ዝምታ መስማማት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው የሚነዳት ግን አንዲት ነጭ የዕቃ መጫኛ ቫን ነበረች። «የሚነዳት» ማለቴም ትንሽ ተጋኗል፤ የምትነዳት ሚስቴ ናት። እኔ እሰፋለሁ፤ እሷ ትጭናለች፣ ታደርሳለች፣ የጎበጠውን ሶፋ ሁሉ ከየሰው ቤት ለቅማ ታመጣለች። ነጯ ከቆመች ቤታችን ቆመ ማለት ነው። ይህን ጎረቤት ያውቃል፣ እኔም አላጣሁትም። ጥፋቱ ጥቁሯን መኪና ማየቴ ነው።

ጥቁሯን ወደ ወርክሾፔ ግቢ ይዟት የገባው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። የሾፌሩ ወንበር ተጨፍልቆ እንደ ቂጣ ስለሆነበት ስፖንጁ እንዲሞላለትና አዲስ ቆዳ እንዲለብስለት ፈልጎ ነው። እና ምን ልበላችሁ! ረጅም፣ አንጸባራቂ፣ የሌላው መኪና በር ሲዘጋ ይጮኻል፣ የሷ በር «እፍ» ብሎ ይተነፍሳል። አሮጌ ናት፣ አልክድም። ቆጣሪዋም አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊደፍን ጥቂት ነው የቀረው። ግን ግንብ ስላረጀ ጎጆ ይሆናል? ከኋላዋ ገብቼ በሩን ሳብ ሳደርገው የመንገዱ ጫጫታ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፋ። እግሬን ዘረጋሁ፤ ከፊት ያለው ወንበር ጋ አልደረሰም። እግሬ ደግሞ አጭር አይደለም፤ በጎረምሳነቴ ወንዝ በአንድ እርምጃ እሻገር ነበር።

ሐኪሙ ሰው ሲያነጋግር ዓይን አያይም፣ ጥርስ ነው የሚያየው። ጥርሴን እያየ ዶሮ እርባታ ሊጀምር መሆኑን፣ እንቁላልና መኖ የሚያመላልስበት መጫኛ እንደቸገረው ነገረኝ። ከዚያ ዓይኑ ነጯ ላይ አረፈ። በለውጥ እንነጋገር አለ፤ ያለ ምንም ጭማሪ፣ ቁልፍ በቁልፍ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርጡን ልነግረው ተስማማንና ጥቁሯን ለወንበሩ ሥራ እዚያው ትቷት ሄደ። እኔም በዚያው ቀን ከገበያ ምርጡን ጥቁር ቆዳ ከራሴ ኪስ ገዛሁ። የራሴ መኪና ልትሆን አይደል?

እራት ላይ ለሚስቴ ነገርኳት። ሶፋ በምን እንደምናደርስ ጠየቀችኝ። የጥቁሯ የዕቃ መጫኛ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ከነእንግዶቹ እንደሚውጥ አስረዳኋት። ደንበኞች እንዲህ ያለች መኪና በራቸው ላይ ስትቆም ዋጋ መከራከር እንደሚያፍሩም ጨመርኩላት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ ሳህኗን አነሳችና ቆመች።

«ነጯን በለውጥ ከሰጠህ እኔንም መርቀህ ስጠኝ» አለች። «እንቁላል መጫን አያቅተኝም።»

ይህንን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቀጥላ ያደረገችውን ነው፤ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ታላቅ ወንድሟን «ፍሬን» ነው የምለው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ እስክሪብቶ የጠየቀውን «ቆይ»፣ ጠረጴዛ የጠየቀውን «ቆይ» ሲል ፀጉሩን የጨረሰ ሰው። እህቱን ላገባ ስመጣ «ቆይ» አለ። ወርክሾፕ ልከፍት ስነሳ «ቆይ» አለ። እኔ ግን ሳልቆይ አገባሁ፣ ሳልቆይ ከፈትኩ። ይኸው ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ፊቱን እንዳኮሳተረ አለ፤ እኔ እንደሆንኩ ያንን ፊት መልሼ ልለብጠው አልችልም፤ ጨርቁ ከሥሩ የተበላሸ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ፣ ፍሬንና እኔ ጥቁሯ ዙሪያ ቆምን። ሚስቴ ነጯን ተደግፋ እጇን አጣምራለች። ጥቁሯ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው ያደረችው፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። እንደ ሌላው መኪና ባሌስትራ የላትም፣ በአየር ትራስ ነው የምትቆመው፤ ትራሱ ደግሞ አርጅቶ ያስተነፍሳል።

«ሞታለች» አለ ፍሬን፤ እንደምን አደራችሁ የለ፣ ምን የለ።

«ተንበርክካ ነው» አልኩት። «ግመል ለጌታዋ ትንበረከካለች። ያንተዋ መኪና ቆማ የምታድረው ጌታ መኖሩን ስላልሰማች ነው።»

ሐኪሙ ሞተሯን አስነሳ። ጥቁሯ ተንፍሳ፣ ከኋላም ከፊትም ቀስ እያለች ብድግ አለች። እንኳን ግመል፣ ተራራ እንደዚያ በክብር አይነሳም። ፍሬን ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያለውን የዘይት ኩሬ አሳየኝ። የጠገበ ነው የሚያፈስ፣ የተራበ ምን ያፈሳል አልኩት። ዳሽቦርዱ ላይ የሚንቦገቦገውን ቀይ መብራት ሁሉ ቆጠረልኝ። ጨለማ ውስጥ የኖረ ሰው መብራት ያስደነግጠዋል አልኩት። ይቺን ለማቆየት መጀመሪያ ወርክሾፕህን፣ ቀጥሎ ጫማህን ትሸጣለህ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ እህቴ ተሸክማህ ትዞራለች፣ ድሮስ ተሸክማህ አይደል የምትዞረው አለ። እኔም የመሥሪያ ቤት ወረቀትና መቀስ ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ስለ መኪና እንዲያወራ ማን እንደፈቀደለት ጠየቅኩት።

ከዚያ ቆጣሪውን አየ። ቀና ብሎ ወደ ሚስቴ እንዲሰማት አድርጎ ቁጥሩን አነበበው።

«ጨረቃ ድረስ ሄዳለች ማለት ነው» አልኩት። «ካንተ ዘር ጨረቃ የደረሰ አለ?»

«ሄዳለች» አለ። «መመለሻው ነው ያንተ ድርሻ።»

ሚስቴ ሳቀች። ስድቡን ሁሉ ችዬ፣ ያቺ ሳቅ ናት አጥንቴ ድረስ የገባችው።

የኋላውን በር ከፈትኩና ግባ አልኩት። በዕድሜው በር የተከፈተለት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። እንከን ሊፈልግ ገባ፤ «እፍ» ብሎ ተዘጋበት። እኔ በመስታወቱ በኩል ጎንበስ ብዬ የቆዳውን ዓይነት፣ የስፌቱን ጥንካሬ፣ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት፣ እሱ ደግሞ ለምን ያ ሰው እንዳልሆነ በዝርዝር አስረዳሁት። አልመለሰልኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። አፉን አስያዝኩት ብዬ ደስ አለኝ። ብዙ ቆይቶ ሲወጣም «ቆይ» አላለም፤ ይኼኔ መባነን ነበረብኝ።

ሚስቴ መጥታ የነጯን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው» አለች። «የፈለግከውን አድርግ። ዕቃዬን ግን አውጪልኝ እንዳትለኝ፣ ራስህ አውጣው።»

ይህን ብላ ወደ ወርክሾፑ ገባችና፣ ገና ስፖንጅ ያልገባለት አንድ የሶፋ እንጨት ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

ዕቃዋን ላወጣ የነጯን በር ከፈትኩ። ከተማውን ሁሉ ያለበሰ ሰው፣ የዚችን ወንበር አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም፣ ደንበኛ ይቀድም ነበር። ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ብረቱ ላይ ጆንያ አጥፋ አንጥፋለች፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የኔን አሮጌ ሹራብ ጠቅልላ ወትፋበታለች። የተቀመጠበትን ሰው ከወንበሩ ማንበብ እችላለሁ፤ በዚህ ሥራ ዓለም ላይ ከእኔ የሚበልጥ የለም። ይህ ወንበር ቀኝ ወገቧን የሚያማት፣ ወደ ግራ ተንጋዳ የምትነዳ ሴት ወንበር ነው። ወገቤን ያመኛል ብላኝ አታውቅም።

ሐኪሙ ከኋላዬ መጣ። የነጯን ጎን የታመመ ጥርስ እንደሚመታ ሰው በጣቱ አንጓ ኳኳ አደረገው።

«ያው ቆርቆሮ ናት» አለ። «ለዶሮ ትበቃለች።»

ደሜ ፈላ። የኔን ነገር ሰው ሲያራክስብኝ አልወድም፤ ማራከስ ካስፈለገ እኔ አለሁ። ለዶሮ? ይቺ ቫን፣ አልኩት፣ አንድ ሆቴል ከነአልጋው በአንድ ዙር አጓጉዛለች። እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለውን ዳገት፣ ፒያኖ ተጭኖባት፣ ፒያኖው ላይ ባለቤቱ ተቀምጦ ሲጫወት፣ በሦስተኛ ማርሽ ወጥታለች። ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም፤ መካኒኮች ሊያዩት እየጓጉ ጡረታ ወጥተዋል። ሦስት ሰው ሊገዛት መጥቶ፣ አንዱ አልቅሶ ነው የተመለሰው። ወሬው አንዴ ዳገት ከያዘልኝ መውረጃ የለኝም፤ ሄድኩ፣ ሄድኩና በመጨረሻ ቁልፍ በቁልፍ መለወጥ ለኔ ዘረፋ መሆኑን አስረግጬ ነገርኩት።

«ጥቁሯ ላይ የክሊኒክዎን የጥርስ ወንበር ይጨምሩበት» አልኩት። «እሱንም ስለማዝንልዎ ነው።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ።

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም» አለና የጥቁሯን ቁልፍ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እኔ እወስዳታለሁ፣ ዶክተር» አለ ፍሬን። «ለውጥ የለ፣ ምን የለ። በጥሬ ገንዘብ።»

ሚስቴ እንኳ ከሶፋው እንጨት ላይ ዞረች።

«ቆይ» አልኩ። የሱን ቃል ከራሴ አፍ ስትወጣ ስሰማት ክው አልኩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቆይቻለሁ» አለ ፍሬን።

ወንበሩን እንኳ ልሥራልህ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያንተ እጅ የነካው ላይ አልቀመጥም አለኝ። እና በሳምንቱ ገንዘቡን ከፍሎ ሲወስዳት፣ ያ ቂጣ የሆነ ወንበር ላይ ሰምጦ አፍንጫው ከመሪው እኩል ሆኖ ነው ከግቢዬ የወጣው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ደግሞም አልዋሽም፣ ጥቁሯ በመንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ በር ላይ ቆሜ በቅናት ሸኘኋት።

ሚስቴ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ቁልፏን ሰጠኋት። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የእሷ ዝምታ ግን መስማማት እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ አውቃለሁ። ያን ጥቁር ቆዳ አወጣሁና የነጯን ወንበር ሠራሁት። ስፖንጁን በቀኝ በኩል ከፍ አደረግኩላት። ንግሥትም ብትሆን እንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሚስቴ ወጥታ ተቀመጠችበት፣ ወገቧን ግራና ቀኝ አደረገች።

«ያንሸራትታል» አለች። ጆንያዋን ግን ጣለችው።

ወር ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። ፍሬን ነው። ጥቁሯ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ባትሪዋም ሞቶ፣ ሰው መውጫ መግቢያ አሳጥታለች። ሆዷ ገና መሬት ስላልነካ ፈጥነን እንድንደርስ ለመናት። እሷን ነው የለመነው፤ እኔን አይለምንም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደርሰን በገመድ ከነጯ ጋር አሰርናት። ሚስቴ ነጯን ያዘች፣ ፍሬን የጥቁሯን መሪ ያዘ፣ እኔ ከኋላ ገብቼ እግሬን ዘረጋሁ። ውረድ አለኝ፤ አልወረድኩም። እዚያች መኪና ውስጥ እንደ ሰው የሚቀመጥበት አንድ መኖር አለበት።

«መመለሻው ጀመረ» አልኩት።

«አንተ ነህ ያስገዛኸኝ» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«እኔ ለራሴ ነበር የማወራው። ሃያ ዓመት አላዳመጥከኝ፣ ያን ቀን ማን አዳምጥ አለህ?»

«ማን አዳመጠህ» አለ። «እዚያ ወንበር ላይ በሩን ዘግቼ ስቀመጥ አፍህ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅህ ግን አይሰማም። እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ አለ አልኩ። ለዚህ ነው የገዛኋት።»

መልስ ነበረኝ። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ በዚያ ቅጽበት ሚስቴ መታጠፊያው ላይ ፍጥነት ቀነሰች፤ ፍሬን እግሩን ፍሬኑ ላይ ጫነ። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬን ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ቢረግጡት አይሰምጥም።

«ቆይ! ቆይ!» ብሎ ወደ እህቱ ጮኸ። ማን ይሰማዋል? ድምፅ የማያስወጣ መስታወት ነው፣ ብዙ የከፈለበት። ጥቁሯ እየተንሳፈፈች ሄዳ የነጯን ጀርባ በአፍንጫዋ ገጨችው።

ሚስቴ ወረደች። የነጯን ጀርባ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጥቁሯን ዘወር ብላም አላየቻት። ከዚያ ወደ መስታወታችን መጣችና መናገር ጀመረች። ባትሪው ስለሞተ መስታወቱ አይወርድም፤ በሩን ለመክፈት ደግሞ ሁለታችንም አልደፈርንም። ተቀምጠን አፏን አየን፤ ረጅም ንግግር ነበር፣ በእጅም የታገዘ።

«ምን እያለች ነው?» አለ ፍሬን በለሆሳስ።

«አይሰማኝም» አልኩት። ከንፈሯ ላይ «ሁለታችሁም» የምትለዋን ቃል ግን አንብቤያለሁ፤ ከዚያች ቃል በኋላ የመጣችውን ስድብም እንደዚያው።