ከባሕር ማዶ የመጣው የወንበር ልብስ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሚስት ነኝ፤ ሌላ ማዕረግ አልሰጠኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ክር ስቆርጥና ልብስ ስተኩስ ኖሬ፣ የስፌት መኪናው ላይ ልቀመጥ ባልኩ ቁጥር፣ "ተዪው ባክሽ፣ ያንቺ ስፌት ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው" ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ሳያየው!

አምና ወገቡን አሞት ቤት ተኝቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ጨርቅ አምጥቶ አርባ የመኪና ወንበር ልብስ አዘዘን። ለባሌ፣ "ለሌላ ልብስ ሰፊ ሰጥቼዋለሁ" ብዬ ዋሸሁትና ሱቁን ዘግቼ እኔው ሰፋሁት። እውነቱን ብነግረው፣ "ሁሉንም ፍቺው" ማለቱ አይቀርማ! መጨረሻ ላይ ጥቁር ክር ቢያልቅብኝ፣ ከልጃችን የትምህርት ቤት ቀሚስ የተረፈውን አረንጓዴ ክር በውስጥ በኩል ጨመርኩበት። ነጋዴው ወሰደው፤ ነገሩ በዚያው ተረሳ።

ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ የምታመላልስልን ትንሽ መኪና ልንገዛ ሄድን። በዋጋው ተስማምተን፣ ፈርመን፣ ቁልፍ መቀበል ብቻ ሲቀረን ሻጩ ሌላ ወረቀት መዘዘ።

"ጋሼ፣ ለቀለሙ መጠበቂያ ቅባት ይጨመርልዎት?"

"ምነው፣ ሊለቅ ነው እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም!"

"እንግዲያው ቅባቱ ምን ይሠራልኛል?"

ሻጩ ወደ ጎማ ዋስትና ዞረ። ባሌ፣ "ጎማው ሲፈነዳ አንተ መጥተህ ትገፋለህ?" አለው። ለመስኮቱ፣ ለምንጣፉ፣ ለሽታው ሳይቀር አንዳንድ ነገር ቀረበ። ባሌ እንኳን የመኪና ቅባት ሊገዛ፣ የጫማ ቅባት እንኳ ከጎረቤት ነው የሚለምነው። ሻጩ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ ከመሳቢያው አንድ የወንበር ልብስ አወጣ።

"ይሄ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።"

ጨርቁን አወቅኩት። ቀስ ብዬ ማዕዘኑን ብገልበው አረንጓዴው ክር ቁጭ ብሏል።

ባሌ እንከን ሊያወጣለት መነጽሩን አደረገ፤ በዚህ ሙያ የሚያህለው የለም። ስፌቱን ወጠረው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ ከዚያ ዝም አለ። በትዳራችን ውስጥ ዝም ሲል ይሄ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ጥርሱን የተነቀለ ዕለት ነበር።

"አየሽ?" አለኝ። "ስፌት ማለት ይሄ ነው!"

ዋጋውን ስሰማ ነጋዴው ለእኔ ከከፈለኝ ስምንት እጥፍ ነው። "የእኔ ሥራ እኮ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ።

"ጫፉን እንዴት እንደጨረሱት ተመልከቺ! ባለሙያ ይባረክ!" አለ።

አፌን መልሼ ዘጋሁ። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ። ይህን ቃል ሃያ ዓመት ስጠብቅ ኖሬ አሁን ላቋርጠው? ገደል ይግባ ገንዘቡ!

"ጨምርልኝ" አለው ሻጩን። "እሷ እያየች ትማርበታለች።"

ሱቅ እንደደረስን የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና፣ "በይ ገልብጠሽ እዪውና ተማሪ" አለኝ። ገለበጥኩት። ከመሳቢያ አረንጓዴውን ክር አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩለት። ክሩን አየ፣ ስፌቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ያ ሥራውን የሰጠሽው ልብስ ሰፊ..." አለ ድምፁ ተሰብሮ።

"ሃያ ዓመት አጠገብህ ነው የሚያድረው" አልኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተነሣ፣ ወንበሩን በእጁ ጠረገልኝና ሱቁን ዙሪያውን ቃኘ።

"ካውያውን የት ነው የምታስቀምጪው?" አለኝ።