ከፍ ያለው ጎን

አዋላጇ መኪናዋን ይዛ ስትመለስ አጎቴ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የት ይሄዳል! ደንበኛ ሊያመሰግን ሲመጣ አይታይም፣ ቅሬታ ሲመጣ ግን ቀድሞ ይደርሳል። መኪናዋ በዕድሜ ታላቄ ናት። ፊቷ ወደ ግራ አጋድሎ፣ በአንድ እጁ ባልዲ የተሸከመ ሰው መስላ ገባች።

«እናንተ ከሠራችሁልኝ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው» አለች አዋላጇ፣ ቅር እንዳንሰኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ መንገድ ላይ እንዳትጥለኝ ፈርቼ ነው።»

አባቴ ከብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ ተቀምጦ መኪናዋን አንዴ አየት አደረጋት። «የግራው ሞላ ደክሟል» አለ። «አሮጌ ብረት ነው፣ ይለወጣል።»

አጎቴ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። የአባቴ ታናሽ ነው፤ ጋራዡም የሁለቱ ነው።

«ስሚ፣ ሞላው ከሆነ ደግ። የአባትሽ የእጅ ሥራ ከሆነ ግን ዛሬ ቱታውን ያወልቃል። ባለፈው የዘይት ክዳን ሳይገጥም መኪና ለቀቀ። ነገ ፍሬን ቢሆንስ? ሰው ከሞተ በኋላ ምን ልንል ነው?»

«ጋሼ፣ ሟርትህን ተው!» ብዬ ጮህኩበት። የጮህኩት እውነቱን ስለሆነ ነው። ከክዳኑ ሌላ እኔ ከአባቴ ኋላ እየተከተልኩ ያጠበቅኩለትን ነገር ጋሼ መች አወቀ!

እናም ሞላው በሆነ እያልኩ ሥራ ጀመርኩ። ሞላ ብረት ነው፤ ቢደክም ማንም አይወቀስበትም።

እኛ ቤት መኪና እንደ ነገሩ አይለካም። ደንበኞች አባቴን «ውሃ ልክ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። መኪና ከሥሩ ከምንሠራበት ጉድጓድ ግራና ቀኝ፣ ወለሉ እኩል የሆነበትን ቦታ ፈልጎ ለአራቱ ጎማዎች አራት ነጭ ምልክት ቀብቷል። መኪናዋን እዚያ አቆምኳት። የኋላ ዕቃ መጫኛዋን አራገፍኩ፣ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካከልኩ፣ ከፊት ደጋግሜ ተጭኜ ለቀቅኳትና ራሷን ችላ እስክትቀመጥ ጠበቅኩ። ከዚያ ከጎማው መሀል ከላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለካሁ። ከመሬት የሚለካ ሰው የጎማውን መበላት በሞላው ያላክካል ይላል አባቴ። የኋላዎቹ እኩል ናቸው። ከፊት ግን ግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ያንሳል።

«አላልኩሽም?» አለ አባቴ ከተቀመጠበት።

ደስ ሊለኝ ነበር። ግን ያሳደገኝ እኮ ዝቅ ያለውን ከመክሰስሽ በፊት ከፍ ያለውን መርምሪ እያለ ነው። ዛሬ እሱ ራሱ ይህን አለማለቱ ከነከነኝ። የቡሎን መፍቻ ቁልፌን ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ።

ጎማውን ከመኪናዋ አጽም ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ሥሩ ላይ ጎሚኒ የሚባል የጎማ ቀለበት አለው፤ በጎሚኒው መሀል ቡሎን ያልፋል። ቡሎኑ የሚጠብቀው መኪናዋ በክብደቷ መሬት ላይ ቆማ ሳለ ነው። በክሪክ ተነስታ አየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቀ፣ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና ያንን ጎን አላስወርድም ብሎ ወደ ላይ ይደግፈዋል። አባቴ በዚህ ጥፋት ስንቱን ሠራተኛ ከበር መልሶታል።

የግራውን ቡሎን አላላሁት፤ ምንም የለም። ወደ ቀኙ ዞርኩ። ባለፈው አባቴ አዲስ ጎሚኒ ያስገባው እዚያ ነው። ቁልፉን ስጎትተው «ቷ!» አለና መኪናዋ ከራሴ በላይ በቀኝ በኩል ወረደች። ክው አልኩ። ሁለቱ ጎን እኩል መሆኑን ለማወቅ ሜትር መዘርጋት አላስፈለገኝም። ግራው ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር።

አጎቴ ከአዋላጇ ጋር ውጭ ቆሟል፤ አልሰማም። መልሼ አጠብቀውና ሞላው ቦታውን ስቶ ነበር እላለሁ፣ ነገሩንም ውሃ ይበላዋል አልኩ በሆዴ። ቁልፉን ሳስተካክል የአባቴ ጫማ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ታየኝ። ጆሮው ገና አልከዳውም።

«የቱ ነው የጮኸው?»

«የቀኙ።»

«አየር ላይ ጠብቆ ነዋ! ማነው ያጠበቀው?» ድምፁ የድሮው፣ ሠራተኛ የሚያባርርበት ድምፅ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ግድግዳውን እየያዘ ደረጃውን ወረደ። ቡሎኑን በጣቱ ዳሰሰው፣ አዲሱን ጎሚኒም ዳሰሰው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንቺ አይደለሽም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ አየር ላይ አታጠብቂም። እኔ ነኝ ማለት ነው። ግን ትዝ አይለኝም ልጄ። ይህን ጎሚኒ ማስገባቴ ራሱ ትዝ አይለኝም።»

አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ አልሰማም» አልኩት። «ማንም ሳያውቅ እናልፈዋለን።»

«ይህቺ ሴትዮ ነፍሰ ጡር ነው የምትጭነው» አለ። «ያን ቀን ፍሬኗንም ነክቼው ይሆናል። አልነካሁም ብዬ መማል አልችልም። አንድ ሳይቀር ፈትሺልኝ።» ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ በሙሉ ድምፁ ወንድሙን ጠራው። «ና! የእኔ እጅ ነው! ሴትዮዋን ዛሬ መኪናዋ አትወጣም በላት፣ ሌላ መኪና ፈልገህ አድርሳት!»

የአጎቴ እግር ወደ በሩ መጥቶ ቆመ። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ፣ «እሺ ወንድምዓለም» ብቻ ብሎ ተመለሰ።

አባቴ ሊያጠብቅ ነው ብዬ ቁልፉን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ከግድግዳው መብራቱን አውርዶ አጠገቤ ቆመ።

«አጥብቂ» አለኝ። «እኔ አበራልሻለሁ።»