የአምሮት ድግስ

ጉርሻው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ሮሂኒ ፊቷን ዞር አደረገች።

«ዛሬማ እምቢ ማለት የለም!» አለች አማቷ ሂራባይ፣ ሽምብራና ስኳር የተሞላውን ቂጣ እንደያዘች። «የአምሮትሽ ድግስ ነው። ልጁ ያማረው ቀርቶበት ቢወለድ ሲነጫነጭ የሚውለው በእኔ ጫንቃ ላይ አይደል?»

በረንዳውን የሞሉት ጎረቤቶች ሳቁ። ሮሂኒ በአዲሱ አረንጓዴ ሳሪዋ፣ በፀጉሯ አበባ ተሰክቶላት፣ በግራ ጉንጯ በኩል ተቀበለች። የቀኝ መንጋጋ ጥርሷ ከሥሩ በስብሶ፣ ድዷ መግል ከቋጠረ ሁለት ወር አልፎታል። ሳታኝክ በምላሷ አሸት አሸት አድርጋ በውሃ ዋጠችው። ጣፋጩ እንደ ነካት ሕመሙ እስከ ጆሮዋ ዘለቀ። ሰው የባሰ ነገር ሲመጣበት ጥርሱን ነክሶ ይችላል፤ እሷን ግን የከዳት ራሱ ጥርሷ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ናንዳ መዘነቻት።

«ከባለፈው ወር ሩብ ኪሎ እንኳ አልጨመርሽም፤ ልጁም ቀጭጯል» አለቻት። «በሻይና በሩዝ አጥሚት ሰው አይሠራም፣ እህቴ። ይችን ወረቀት ይዘሽ የከተማው ሆስፒታል ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ብትነቀይ አትጎጂም፣ ልጁም አይጎዳም። ሚሽሪውንም ተይው፤ እሱም ነው የሚያቀጭጨው።»

ሚሽሪ የተቆላ የትምባሆ ዱቄት ነው። የመንደሩ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ድዳቸውን ያሹበታል፤ ሮሂኒም ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ለምዳዋለች። ናንዳ ከነገረቻት ወዲህ ግን ሰባት ቀን ሙሉ አልነካችውም። ራሷ ተፈለጠ፣ የሚያደነዝዘው ሲቀር የጥርሱም ሕመም በእጥፍ ባሰ። ይህን ያየላት ሰው አልነበረም። ሴቶቹ «ምን አማረሽ?» ሲሏት መልሱን ታውቀው ነበር፤ ሚሽሪ ነበር ያማራት።

ሐኪሙ ዘንድ ልሂድ ብላ ባሏን ብትጠይቀው «እናቴን አነጋግሪያት» አላት። ሂራባይ ደግሞ «በነፍሰ ጡር ላይ ደም አይፈስም!» ብላ ነገሩን ዘጋችው። የቀራት አንድ ተስፋ እናቷ ነበረች። ከድግሱ በኋላ ሴት ልጅ እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትወልደው፤ የእናቷ ቤት ደግሞ ከሆስፒታሉ በእግር ይደረሳል።

እናቷ ያሙናባይ አበባዋን ልታስተካክልላት ወደ ጓዳ ስትጠራት ሮሂኒ በሩን ገፋ አደረገችው።

«እማ፣ ነገ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ።»

እናቷ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት፤ አፏ ውስጥ አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ወይኔ ልጄን! ስትወልጂ እወስድሻለሁ።»

«እስከዚያማ ልጁ አለቀ! እየበላሁ እኮ አይደለም፣ እማ።»

«እኔ አምስት ወለድኩ፣ አምስት ጥርስ ሰጠሁ። የአንቺ ይኸውልሽ።» ከንፈሯን ጎትታ ባዶውን ቦታ አሳየቻት። «ልጅም ጥርስም ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?»

«ናንዳ ምንም አትሆኚም ብላለች።»

«ናንዳ ምን አለባት!» እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ቢደርስ አማትሽ ‹እናቷ ወስዳ ገደለችብን› ትላለች። ያን ጊዜ ወደዚህ ቤት ማን ይመልስሻል? እኔስ የት አደርስሻለሁ?»

እናቷ እውነቷን ነበር፤ ያ ነው ክፉው። ያሙናባይ ከወገቧ ትንሽ ቆርቆሮ አውጥታ በልጇ እጅ ላይ አኖረችላት።

«ጠዋት ለአንቺ ብዬ የቆላሁት ሚሽሪ ነው። ያስታግስልሻል።»

ከውጭ ተጠሩ። ሁለት የተከደኑ ሳህኖች ቀርበዋል፤ በአንዱ ክብ ጣፋጭ፣ በሌላው አራት ማዕዘን። ክቡ ከወጣ ወንድ፣ ሌላው ከወጣ ሴት ነው ይባላል። ሮሂኒ ወደ እጇ የቀረበውን ከፈተች።

«ሴት ናት!» ብለው ጮኹ።

«ትሁና፣ ማን መልሷት ያውቃል» አለች ሂራባይ ፊቷ ቅጭም ብሎ። ጣፋጩን ቆረሰችና ዘረጋች። «በይ፣ ለልጅሽ ብይላት።»

ይችስ ስንት ጥርስ ትሰጥ ይሆን ብላ ሮሂኒ ገና ላልተወለደችው አሰበችላት።

«አንዴ ይጠብቁኝ፣ እማማ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቆርቆሮውን ከፈተች። ጣቷን ነክራ ያበጠውን ድድ አሸችው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። አቃጠላት፣ ቀጥሎ ደነዘዘላት። ሰባቱ ቀን በዚያው ሄደ። ጥቁሩን ምራቅ የምትተፋበት ስታጣ ከደረቷ የናንዳን ወረቀት አወጣችና ተፋችበት፤ አጣጥፋም ጥግ ጣለችው።

ከዚያ ወጥታ ከሂራባይ ፊት ተቀመጠችና አፏን በሰፊው ከፈተች።

«ያጉርሱኝ» አለች።