የአቶ ሰጠው ካብ

አቶ ሰጠው ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ከገቡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ተዳፋት ያረሱ ሰው ናቸው፤ ሥራ ፍለጋ ሊሽካ ወደሚሉት የሥራ ቢሮ ሲሄዱ ግን ጸሐፊዋ «ልምድ የሌላቸው» ብላ መዘገበቻቸው። ቤት ተቀምጦ ከመዋል ይሻላል ብለው፣ ከከተማው ውጭ ያለውን የተራቆተ ኮረብታ በነፃ ከሚያለሙ ማኅበርተኞች ጋር ተቀላቀሉ።

አስተባባሪዋ ኦሪት የምትባል ደግ ወጣት ናት። በመጀመሪያው ቀን ዶማ አንሥታ፣ መሬት እንዴት እንደሚቆፈር ቀስ ብላ አሳየቻቸው። ከአገር ቤት ቀደም ብሎ የመጣው ቸሩ ይተረጉማል።

«ገባቸው?» አለችው።

«ገብቶኛል በላት» አሉ አቶ ሰጠው። «እግዜር ይስጣት።»

በጥር፣ በዚያ አገር ክረምት፣ ዶፉ ሲወርድ፣ የተከሉት ችግኝ ከነአፈሩ ቁልቁል ሄደ። ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ የለም ተባለና ሁሉም ሁለት ሳምንት ቀሩ። አቶ ሰጠው ግን ማስታወቂያው በዕብራይስጥ ስለነበረ አልሰሙም። በየቀኑ እየወጡ ከኮረብታው ድንጋይ ለቀሙ፤ ፀሐይና ዝናብ የበላውን ፊት ወደ ውጭ እያዞሩ፣ አባታቸው እንዳስተማሯቸው ያለ ጭቃ ያለ ሲሚንቶ፣ ሃያ ክንድ ካብ ካቡ። የሚቀጥለው ዶፍ ሲመጣ ካቡ ንቅንቅ አላለም።

ኦሪት ተመልሳ ስታየው በደስታ ጮኸች። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ የገለጠው የጥንት ቅርስ መሰላት። በማግስቱ መነጽር ያደረጉ አንድ ሊቅ ይዛ መጣች። ሊቁ ተንበረከኩ፤ ድንጋዩን ዳበሱ።

«ቢያንስ ሺህ አምስት መቶ ዓመት!» አሉ። «እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም።»

ቸሩ ሲተረጉምላቸው አቶ ሰጠው እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ።

«ልጄ፣ የካብሁት እኔ ነኝ በላቸው። ባለፈው ማክሰኞ ነው የጨረስሁት።»

ቸሩ ነገራቸው። ሊቁ ፈገግ ብለው የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«ምን አሉ?»

«አዲስ መጪ የአባቶቹን ሥራ እንደ ራሱ ሥራ ሲያይ እንዴት ልብ ይነካል አሉ፣ አባ።»

«ሦስተኛው ድንጋይ ኋላ የእርጎ ፕላስቲክ ወሽቄበታለሁ። ነቅለው ይዩት!»

ሊቁ ይህን ሲሰሙ ክው አሉ። ቅርስ እንዴት ይነቀላል? እውነቱን ለመናገር አቶ ሰጠውም አፋቸው ነው እንጂ ልባቸው አልፈቀደም፤ ያን ድንጋይ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸዋል። ነገሩን ተዉት።

በሳምንቱ ካቡ በሽቦ ታጠረ፤ ሰሌዳም ቆመለት። አቶ ሰጠው ከበላዩ ሁለተኛ ካብ ሊጀምሩ ድንጋይ ሲያነሡ ኦሪት እየሮጠች መጣች። የጥንት ቦታ ነው፣ ድንጋይ አይነካም። እሳቸውን በከተማው መናፈሻ ወንበር እንዲቀቡ መደበቻቸው።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ይመኙሻል «እህ፣ ሥራዎን ወደዱልዎ?» አሏቸው።

«ወደዱት እንጂ! እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም አሉ። ብቻ ከሞትሁ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆኖኛል።»

ይመኙሻል ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ለሙት እራት ምን ያደርግለታል?» አሉ፤ እንዲያም ሆኖ አቀረቡላቸው። አቶ ሰጠው እንደዚያን ቀን በልተው አያውቁም።