ስንትም ክፍተት ቢደረደር

በማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል፣ ከኃላፊዋ አጠገብ ታናሽ ወንድሟ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ይቁነጠነጣል። አንድ የኅትመት ሥራ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበርና፣ ቁጥሩን ከሥራዎቹ ዝርዝር ለይቶ ሥራውን የሚያቆም ትእዛዝ ጽፏል። ጎን ለጎን ግን ለነገ የሚደርስ የተማሪዎች ፈተና እየታተመ ነው።

"እትዬ፣ ትእዛዙን ልልቀቀው?"

"ምን አስሮጠህ? መጀመሪያ ቁጥሩን ብቻ አውጣና አሳየኝ።"

"ትናንት እኮ ሠርቷል!"

"የትናንቱን ትናንት ጨረስነው። አሳየኝ።"

አሳያት። የወጣው የተንጠለጠለው ሥራ ቁጥር ሳይሆን፣ ሥራዎቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የዋናው ፕሮግራም ቁጥር ነበር። ለቆት ቢሆን ኖሮ ፈተናውም አብሮ ገደል ይገባ ነበር። የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ።

"ተመስገን" አለች በለሆሳስ፣ ወንበሯን እየሳበች። "በዝርዝሩ ቃላት መካከል ያሉትን ክፍተቶች አንድ በአንድ ቆጥረሃል፣ የኔ ጌታ። ኮምፒውተሩ ክፍተት የሚሞላው ዓምዶቹ እንዲስተካከሉ ነው። የዛሬው ቁጥር በአንድ አሃዝ ረዘመ፣ አንድ ክፍተት ጎደለ፤ አንተም ሳታውቀው የዋናው ፕሮግራም ቁጥር ወዳለበት ወደሚቀጥለው ዓምድ ዘለልህ። ስንትም ክፍተት ቢደረደር እንደ አንድ ቁጠረውና የሥራው ቁጥር የሆነውን ሁለተኛውን ቃል ውሰድ።"

አስተካክሎ ደግሞ አሳያት። ትክክለኛው ቁጥር ወጣ።

"አሁንስ... ልልቀቀው?" አለ ድምፁ ዝግ ብሎ።

"ልቀቀው እንጂ! ወይስ ቄስ ይጠራልህ?"

እየሳቀ ለቀቀው። የተንጠለጠለው ሥራ ከስክሪኑ ጠፋ። ከግድግዳው ማዶ ማተሚያው ለአፍታም ሳያቋርጥ ፈተናውን ያትማል።