የመጀመሪያው ቡሎን

ጎረቤቶቿ የባሏን የወንዝ መድረክ ሳያነሱ ዘለው የሄዱበትን ያን ቅዳሜ ቨርና ይቅር ብላቸው አታውቅም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳው ነበር። እሷ ግን ጉሮሮ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ይዛው ኖረች፤ አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም።

በአኻያ መንገድ ያለ ቤት ሁሉ ጀርባው ወንዝ ነው። እያንዳንዱም ለጀልባው ማሰሪያ፣ ለማታ መቀመጫ የሚሆን የእንጨት መድረክ ውሃው ላይ ያቆማል። ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ ወንዙ ላይ በረዶ ሳይጋገር፣ ሰፈሩ በአንድ ቅዳሜ ወጥቶ መድረኮቹን እየፈታ ዳር ላይ ይከምራል። ያልተነሳውን በረዶው ሲሰበር ይዞት ይሄዳል። እስከ ብብት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ ለብሰው፣ ከላይኛው ቤት ጀምረው እየተረዳዱ ይወርዳሉ። ሲጨርሱ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ቢራ ይጠጣል፣ ውሃ ውስጥ የወደቀው ሰው ነገር እየተነሳ ይሳቃል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ የመጀመሪያውን ቡሎን የሚፈታው ባለቤቱ ነው። የባለቤቱ እጅ ሳይቀድም የማንም እጅ አይነካውም። ድሮ አንዱ የጎረቤቱን በሌለበት ሲያነሳ ሰብሮበት ሁለቱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ይህን ሕግ የጣሰ የለም።

ነገሩ የሆነው ባሏ ኤልድን በሞተ በዚያው ዓመት ነው። በሙቀቱ መሃል ልቡ ድንገት ቆመች። ቅዳሜዋ ስትመጣ ቨርና በጠዋት ተነስታ ትልቁን ድስት ጣደችና የሥጋና የገብስ ሾርባ ሠራች፤ ሾርባው በየዓመቱ የእሷ ድርሻ ነበር። ከማዕድ ቤቷ መስኮት ሆና ታያቸዋለች። የላይኞቹን ፈቱ፣ የሜርልን ፈቱ፣ ከዚያ የእሷ ሣር ላይ መጡና ቆሙ። ፊት ፊት የሚሄደው ሜርል ራሱ ነው፤ ከኤልድን ጋር ዕድሜ ልኩን ዓሣ ያጠመደ፣ ቤታቸው ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው። ቀና ብሎ መስኮቷን አየ፤ ወደ ሰዎቹ ዞሮ አንድ ነገር አለ። ሁሉም እግራቸውን እያዩ አልፈው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። በሯን ያንኳኳ የለም። ሾርባው ድስቱ ውስጥ እንዳለ በረደ።

ምን ብሏቸው ይሆን? የሚያንገበግባት እሱ ነው። ሕጉን ታውቀዋለች። ግን ባለቤቱ መቃብር ውስጥ ነው፤ የሞተ ሰው ተነስቶ ቡሎን ይፈታል ወይ? አንድ ሰው እንኳን ብቅ ብሎ እንዴት እናድርግልሽ አይልም? በረዶው የተሰበረ ቀን እንደ ጥይት ጮኸ። ኤልድን በእጁ የሠራው መድረክ ከነአግዳሚ ወንበሩ ተገንጥሎ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ ሌላ አላሠራችም። የእሷ ዳር እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታ ባዶውን ቀረ፤ እሷም አፏን ዘጋች።

በዚያ ሰፈር ደግሞ አፍ መዝጋት ቀላል ነው። ቺካጎ ውሎ የሚመለሰው ሰው ከባቡር ይወርዳል፣ ከጣቢያው መኪናውን ይነዳል፣ የጋራዡ በር በራሱ ይነሳል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ ይወርዳል፣ አለቀ። የሰው ፊት ሳታይ ሳምንቱ ይሞላል። ቨርና ትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ስትሠራ ውላ ትመለሳለች፤ ቤቷ ውስጥ ከራዲዮው በቀር የሚናገር የለም። የምታናግረው ወንዙ ዳር የሚሰፍሩትን ዝዮች ነው። ስትሳደብም የምትሳደበው እነሱን ነው። አንድ ቀን ሜርል በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ፣ "ቨርና፣ ዝዮቹ እንኳን አንቺን ፈርተው ወደ ደቡብ ሊሄዱ ነው አሉ" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ።

"እነሱ እንኳን ሲሄዱ ነግረውኝ ነው የሚሄዱት" አለችውና ገባች።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ሚስቱ ኮሊን ግን መንገድ ላይ ባየቻት ቁጥር እጇን ታነሳላት ነበር። ቨርና አንዳንዴ ትመልሳለች፣ አንዳንዴ አትመልስም።

ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። ዘንድሮ በረዶው በቀለጠ ሰሞን ኮሊን ታማ ሞተች። በቀብሯ ቀን ቨርና ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ማንም ሳያያት ወጣች። የሜርል መጋረጃ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተገለጠም። መድረኩ ላይ ያሉት ሁለት ወንበሮችም ሙቀቱ መጥቶ እስኪሄድ የተቀመጠባቸው አልነበረም።

ቅዳሜዋ ደረሰች። አሁን ሰዉን የምትመራው ማርሴላ ናት፤ ከሜርል በላይ ያለውን ቤት የገዛች፣ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ድምፅዋ የጎላ ሴት። ከከተማ የመጣች ስለሆነች ሕጉን ከነባሮቹ አብልጣ ታከብራለች። ቨርና መስኮቷን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ምን ይዋሻል፣ የቆመችው ሜርል ሲታለፍ ለማየት ነው።

የማርሴላን አንስተው እየተሳሳቁ ወደ ሜርል ሣር መጡ። ቀጥሎ ውሃ የምትገቢው አንቺ ነሽ እያለ አንዱ ማርሴላን በነገር ይነካካታል፤ እሷም፣ አንተ ከገባህማ ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን ያጥለቀልቃል ትለዋለች። ሜርል አልወጣም። ማርሴላ ቀና ብላ መጋረጃውን ስታይ ሳቁ ቆመ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ የእሷ ድምፅ ግን ዝቅ ቢልም ይሰማል።

"አልወጣም። ሰውዬው ሐዘን ላይ ነው፣ በሩን መደብደብ ነውር ነው። ከፈለገ ራሱ ይጠራናል። እንለፍ።"

ሁሉም እግራቸውን እያዩ አለፉ። የቨርናን ባዶ ዳር ተሻግረው ወደ ታችኛው ቤት ወረዱ።

ቨርና መስኮቱን ይዛ ቀረች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታው አልመጣም። ከማርሴላ ቃል ውስጥ ክፋት ፈልጋ አጣች። ይህን ሁሉ ዓመት አንዴ ስድብ ነው፣ አንዴ ንቀት ነው ስትል የኖረችው ነገር እንዲህ ያለ ይሆን? ወይስ ሌላ? ጫማዋን አጠለቀችና አጥሩን ዞራ ሄዳ የሜርልን በር መታች። ማንኳኳት አይባልም፤ መታችው።

ሜርል ቆይቶ ከፈተ። ጢሙ አድጓል፤ እኩለ ቀን ሆኖም የሌሊት ልብሱን አልቀየረም።

"ቨርና?"

"መድረክህን አለፉት።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትወጣም?"

"ማን ሊቀመጥበት? ተይው፣ በረዶው ይውሰደው።"

"ሲወስደው ምን እንደሚመስል አታውቅም። እኔ አውቃለሁ።"

ስንቴ አልጋዋ ላይ ስታሰናዳው የኖረችው ጥያቄ፣ አሁን ስትጠይቀው ካሰናዳችው ድምፅ አንሶ ወጣ። "ኤልድን የሞተ ዓመት፣ ሣሬ ላይ ቆመህ ምን አልካቸው?"

ሜርል ግንባሩን ቋጠረ። ለማስታወስ ከልቡ ይሞክራል፤ ሲሞክር ታየዋለች።

"አላስታውስም" አለ በመጨረሻ። "ምን እላለሁ? አልወጣችም፣ ተዉአት ብዬ ይሆናል። ኮሊን ግን ማታ ተቆጥታኛለች። ለምን አላንኳኳህም አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ሕጉ ነው አልኳት።" በሩን ተደገፈ። "አንቺስ ለምን አልወጣሽም?"

"ሾርባ እየሠራሁ ነበር።"

"እንግዲህ" አለ ሜርል። በሩን አልዘጋባትም፣ ግቢም አላላትም።

ቨርና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይቅር ትበለው አትበለው ራሷም አላወቀችም። ምድር ቤት ወርዳ የኤልድንን የላስቲክ ሱሪ ከሚስማሩ አወረደች። ሸረሪት ድር አድርቶበታል። ስትለብሰው አገጯ ሥር ስለደረሰ ወገቡን በገመድ አሰረችው። የቡሎን መፍቻውን ይዛ በሜርል ሣር ላይ ወረደች። ሁለቱን ወንበሮች ከመድረኩ አንስታ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና ወንዙ ውስጥ ገባች።

ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ቅዝቃዜው ሲገባ፣ ኤልድን እደፍነዋለሁ እያለ ሳይደፍነው እንደሄደ ትዝ አላት። ቡሎኑ ዝጓል። መፍቻውን በሁለት እጇ ይዛ ተንጠለጠለችበት። ታች ያሉት ሰዎች ሲያዩዋት ሥራቸውን አቆሙ። ማርሴላ ከሩቅ ሆና፣ ያ የሜርል እንደሆነ፣ ባለቤቱም እንዳልነካው ነገረቻት። ቨርና መፍቻውን እንደገና ተጫነችው። ቡሎኑ ተንቋቋና ዞረ። አውጥታው ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ፣ ከሜርል መስኮት በሚታይበት በኩል አስቀመጠችው።

አንዱን የመድረክ ቁራጭ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቨርና ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገባች፣ በእሷ በኩል ያለውን ጫፍ በትከሻዋ ደገፈችና ማንንም ሳትጠራ ቆመች።